በስርቆት የተፈረደበት ሰው ነርስ መሆን ይችላል?

ጥያቄው፦ «የምኖረው ሰበታ፣ ዓለም ገና ነው። ዕድሜዬ 28 ነው። አየር ጤና አካባቢ በቤት ሠራተኝነት ተቀጥሬ ሳለሁ የአሠሪዬን ወርቅ ወስጄ ተከሰስኩ። መውሰዱን ወስጃለሁ፣ አልክድም። በሰኔ 2010 ዓ.ም. ሦስት ዓመት ቀላል እስራት ተፈረደብኝ። ቃሊቲ ቆይቼ ለ2012 አዲስ ዓመት ይቅርታ ከተደረገላቸው ጋር ወጣሁ። አሁን በአንድ የግል ክሊኒክ በጽዳት እሠራለሁ። እዚያ ያሉት ሲስተሮች ‹ተማሪ› እያሉ አደፋፍረውኝ ነርሲንግ ልመዘገብ ነው፤ ኮሌጁም የመጀመሪያውን ክፍያ ጠይቆኛል። ግን አንዱ ‹አሻራሽ ፖሊስ ዘንድ ስላለ ፈቃድ በጭራሽ አይሰጡሽም› ይለኛል። ሌላው ‹በይቅርታ ከወጣሽ ጠፍቷል› ይላል። አንዷ ደግሞ ‹አምስት ዓመት ካለፈ በራሱ ይሰረዛል› ትላለች። በመጨረሻ የመጣው ሰው 20 ሺህ ብር ብሰጠው ከፖሊስ ኮምፒውተር ላይ እንደሚያስጠፋልኝ ነገረኝ። ገንዘቤን ለኮሌጁ ልክፈል፣ ለሰውየው ልስጥ ወይስ ሐሳቡን ልተወው?»

ምላሽ፦ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ተሳስተዋል፤ አራተኛው ወደ ቃሊቲ ሊመልስዎ ይችላል። በስርቆት የተፈረደበት ሰው ዕድሜ ልኩን ነርስ እንዳይሆን የሚከለክል ነገር በወንጀል ሕጋችን ውስጥ የለም። ፍርዱ ግን ጊዜ ስላለፈ ብቻ አይጠፋም፣ በይቅርታ ስለወጡም አልጠፋም። ለእርስዎ የሚሆነው መንገድ በወንጀል ሕጉ «መሰየም» የሚባለው ነው፤ ይህም ፍርዱን በፍርድ ቤት ውሳኔ ከመዝገብ አሰርዞ ወደ ቀድሞ መብት መመለስ ማለት ነው። የሚጠየቀው ፍርድ ቤት በሚቀርብ አቤቱታ ነው፣ ደላላም አያስፈልገውም። ከነገሩኝ ተነስቼ ሳየው ጊዜውን አሟልተዋል፤ እስካሁን ያልጠየቁት መኖሩን የነገረዎት ሰው ስላልነበረ ይመስለኛል።

መጀመሪያ የተቀላቀለብዎትን ልለይ። የሙያ ፈቃድ ማግኘትና መቀጠር ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው፣ የሚወስኑትም የተለያዩ አካላት ናቸው። ለነርስነት ፈቃድ ዋናው መለኪያ ትምህርትና ፈተና ነው። በዲግሪ የሚማር ሰው በ2015 ዓ.ም. የተጀመረውን አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ያልፋል፤ ከዚያም ጤና ሚኒስቴር ለአዲስ ተመራቂዎች የሚሰጠውን የብቃት ምዘና ፈተና ይወስዳል። በቴክኒክና ሙያ ደረጃ የሚማር ደግሞ ሲኦሲ የሚባለው የሙያ ብቃት ምዘና ይጠብቀዋል። ይህን ያለፈ ሰው የትምህርት ማስረጃውንና የጤና ምርመራ ውጤቱን ይዞ ተመዝግቦ ፈቃዱን ይወስዳል። በዚህ ሁሉ መሃል የቀድሞ ፍርድ በሕግ የሚያግደው ፍርድ ቤቱ ራሱ ከእስራቱ ጋር የመብት መሻር ቅጣት ጨምሮ ከሆነ ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 123 ፍርድ ቤት ጥፋተኛውን ፈቃድ የሚጠይቅ ሙያ እንዳይሠራ ሊከለክል እንደሚችል ይናገራል። ክልከላው ጊዜያዊ ሲሆን ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ይዘልቃል፤ በከባድ ጉዳይ ለዘለቄታው ሊሆን ይችላል። በቤት ሠራተኛ የወርቅ ስርቆት ላይ እንዲህ ያለ ክልከላ ይጨመራል ብዬ አልጠብቅም። ቢሆንም ከእርስዎ ትውስታና ከእኔ ግምት ይልቅ ፍርዱን አንብቦ ማረጋገጥ ይሻላል። ብዙ ሰው ችሎት ቆሞ የሰማው የእስራቱን ዘመን ብቻ ነው፤ ከእሱ በኋላ የተነበበው አያስታውሰውም።

ተቆጣጣሪው አካል ጠንከር ብሎ የሚያየው ከሙያው ጋር የተጣበቀ ወንጀል ነው። በሐሰተኛ የትምህርት ማስረጃ የተፈረደበት፣ አደንዛዥ መድኃኒት ያዘዋወረ፣ ያለ ፈቃድ ሲያክም የተገኘ፣ በሕጻን ወይም ራሱን መከላከል በማይችል ሰው ላይ ወሲባዊ ጥቃት የፈጸመ ሰው ሁኔታ ከእርስዎ ጋር አንድ አይደለም። ለእንዲህ ያለው ሰው ይህን ምላሽ ይዞ ኮሌጅ ይክፈል አልልም።

የእርስዎ እውነተኛ እንቅፋት ያለው ቅጥር ላይ ነው። አዋጅ ቁጥር 515/1999 እምነት በማጉደል፣ በስርቆት ወይም በማታለል ወንጀል የተፈረደበት ሰው ለፌዴራል መንግሥት ሠራተኛነት እንደማይበቃ በግልጽ ደንግጎ ነበር። አዋጁ ከዚያ ወዲህ በሌላ ተተክቷል፤ አስተሳሰቡ ግን በየመሥሪያ ቤቱ የሰው ኃይል ክፍል ሥር ሰድዶ ቀርቷል። የሰው ክንድ በዱላ የሰበረ ሰው በዚያ ዝርዝር ውስጥ በስም አልነበረም፤ የጆሮ ጉትቻ የወሰደ ግን ነበረ። ፍትሐዊነቱን እዚህ አልከራከርም፤ ለእርስዎ ግን ትርጉሙ ግልጽ ነው። ስርቆት ከብዙ ከባድ ወንጀሎች ይልቅ የመንግሥት ቅጥርን የሚያሰናክል ፍርድ ነው።

የአካባቢዎ አቀማመጥም ነገሩን ያወሳስበዋል። ሰበታ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ናት፣ ሸገርም በኦሮሚያ ክልል ሥር። ሰበታ ያለ የመንግሥት ጤና ጣቢያ የሚቀጥረው በክልሉ የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ነው። ታክሲ ይዘው አለርት ቢያመለክቱ የፌዴራል ተቋም ነው፤ ዘውዲቱ ወይም የካቲት 12 ቢሄዱ ደግሞ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ሆስፒታሎች ናቸው። በአንድ ቀን ሊዞሩ በሚችሉት ርቀት ውስጥ ሦስት የቅጥር ሥርዓት አለ። አንዱ ዘንድ «ከወንጀል ነጻ አምጪ» ባይሉዎት ሌላው ይልዎታል። ስለዚህ «እከሊት እኮ ሳትጠየቅ ገባች» የሚለውን ወሬ መመኪያ አያድርጉት።

የግል ክሊኒክና ሆስፒታል የሚተዳደረው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የቀድሞ ፍርድ ያለበትን ሰው አትቅጠር የሚል ድንጋጌ የለውም። አሠሪው ግን የመምረጥ ነጻነት አለው፣ የሚፈራውንም አውቆ ነው የሚፈራው። ተረኛ ነርስ የመድኃኒት ቁም ሳጥን ቁልፍ ትይዛለች፤ ከቁልፉ ሥር ሞርፊንና ፔቲዲን የሚባሉ አደንዛዥ የሕመም ማስታገሻዎች አሉ። ኦፕራሲዮን የሚገባ በሽተኛ ቀለበቱን አውልቆ፣ ስልኩን አጥፍቶ በእጇ ያስቀምጣል። ለዚህ ነው ብዙ የግል ተቋማት ዋስ አምጪ፣ አሻራ አምጪ የሚሉት። አሁን የሚሠሩበት ክሊኒክ ባለቤት ስለ ፍርዱ ያውቅ እንደሆነ አልነገሩኝም። የሚያውቅ ከሆነ ምስክርነቱ ከማንም የላቀ ዋጋ አለው፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ይቅርታው። ይቅርታና ምሕረት በሰው አፍ አንድ ናቸው፣ በሕግ ግን ሰማይና ምድር ናቸው። በይቅርታ የሚቀረው ቅጣቱ ነው፦ ገና ሳይታሰሩት የቀረዎት ጊዜ ተነሳልዎት፣ ወደ ቤትዎ ገቡ። የጥፋተኝነት ፍርዱ በመዝገቡ ላይ እንዳለ ነው፣ ሌሎች ውጤቶቹም ይቀጥላሉ። ምሕረት ግን ፍርዱን ራሱን እንዳልነበረ ያደርገዋል። በአዋጅ ቁጥር 1096/2010 የተሰጠው ዓይነት ምሕረት መነሻው ፖለቲካዊ ይዘት ያላቸው ወንጀሎች ነበሩ፤ የወርቅ ስርቆት እዚያ ውስጥ አይገባም። ለበዓል የሚፈታ ታራሚ የሚፈታው በይቅርታ ነው። ሲወጡ የተሰጠዎትን ወረቀት አውጥተው ያንብቡ፤ «ይቅርታ» የሚል ከሆነ ፍርዱ አልተሰረዘም። «አመክሮ» የሚል ከሆነም አልተሰረዘም፤ አመክሮ ማለት ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን የፈጸመ ታራሚ ጠባዩ ታይቶ በቅድመ ሁኔታ መፈታቱ ነው። በመንገዴ ላይ ለሌሎች አንባቢዎች አንድ ነገር ልበል። በገደብ የተለቀቃችሁ ሰዎች ውሳኔያችሁን አንብቡ። ቅጣቱ ሳይወሰን ጥፋተኛነቱ ብቻ ተነግሮ በገደብ የተለቀቀና፣ ቅጣቱ ተወስኖ አፈጻጸሙ የተገደበለት ሰው ውጤታቸው አንድ አይደለም።

«አምስት ዓመት ካለፈ በራሱ ይሰረዛል» የሚለው ወሬ መነሻ አለው፤ ከእውነቱ ግማሹን ይዞ ሌላውን ጥሎታል። የአምስት ዓመት ነገር በሕጉ ውስጥ ያለው ለጽኑ እስራት ነው፣ እሱም አቤቱታ ለማቅረብ የሚጠበቅ ጊዜ ነው እንጂ ሲሞላ ፍርዱ በራሱ የሚረግፍበት ቀን አይደለም። ለቀላል እስራት የሚጠበቀው ሁለት ዓመት ነው። እርስዎ የተፈረደብዎት ቀላል እስራት ከሆነና የወጡት በ2012 መግቢያ ከሆነ ጊዜው ካለፈ ሰነባብቷል። ይህ ሁሉ ዓመት አልፎ ዛሬ አሻራ ሰጥተው ማስረጃ ቢጠይቁ ፍርዱ ተመዝግቦ ሊያገኙት ይችላሉ፣ ምክንያቱም ይሰረዝልኝ ብሎ የጠየቀ የለም።

መሰየም በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከአንቀጽ 232 ጀምሮ ያለ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ቅጣቱን የፈጸመና ከዚያ በኋላ በደህና የኖረ ሰው በፍርድ ቤት ውሳኔ ወደ ቀድሞ መብቱ ይመለሳል። የሚጠየቁት አራት ነገሮች ናቸው። ጊዜው ማለፍ አለበት፤ ይህን አልፈዋል። ተጨማሪ ቅጣት ተጥሎ ከነበረ መፈጸም አለበት። ፍርድ ቤቱ ካሳና ወጪ እንዲከፍሉ አዝዞ ከነበረ አቅምዎ በፈቀደው መጠን ከፍለው መገኘት አለብዎት። በመጨረሻም በዚህ ጊዜ ውስጥ ጠባይዎ መልካም መሆን፣ ሆን ተብሎ በሚፈጸም ወንጀልም እንደገና አለመፈረድ። እነዚህን ማሟላት ውሳኔውን እንደ መብት አያስገኝም፤ ችሎቱ ይገባታል ብሎ ሲያምን የሚሰጠው ነው። ለዚህም ነው አቤቱታው ሕግ ጠቅሶ ከማለፍ ይልቅ ከ2012 ወዲህ ያለውን ሕይወትዎን በማስረጃ ማሳየት ያለበት።

ከአራቱ ውስጥ የሚያሳስበኝ ካሳው ነው። ወርቁ ተገኝቶ ለባለቤቷ ተመልሷል ወይስ ተሽጦ ነበር? ከተሸጠ ዋጋውን እንዲከፍሉ የሚል ትእዛዝ በፍርዱ መጨረሻ ወይም በሌላ የፍትሐ ብሔር መዝገብ ሊኖር ይችላል። ካለና ካልከፈሉ፣ ከአቤቱታው በፊት ይህን ያስተካክሉ። የቀድሞ አሠሪዎ ዘንድ ብቻዎን አይሂዱ፤ ሽማግሌ ይላኩ፤ በክፍል ለመክፈል ይስማሙና የተከፈለበትን በጽሑፍ ይያዙ። ሕጉ የሚጠይቀው የሚቻለውን ነው፤ በጽዳት ደመወዝ የተከፈለ ትንሽ ገንዘብ ከደረሰኝ ጋር ሲቀርብ፣ ምንም ካልተከፈለበት ዝምታ ይበልጣል። ትእዛዝ ከሌለ ግን ማንም ክፈሉ ስላለዎት ብቻ የሚከፍሉት ነገር የለም።

ወደ ሥራው እንግባ። አቤቱታው የሚቀርበው ፍርዱን ለሰጠው ፍርድ ቤት ነው። ሰበታ ስለሚኖሩ ሰበታ ያለው ፍርድ ቤት አይሂዱ፤ አየር ጤና የተፈጸመ ወንጀል የታየው አዲስ አበባ ባለ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ምድብ ችሎት ነው። መጀመሪያ የሚፈልጉት የፍርዱን ግልባጭ ነው። የመዝገብ ቁጥሩ በክስ ወረቀቱ፣ በማረሚያ ቤት መላኪያው ወይም በመፍቻ ወረቀትዎ ላይ ይኖራል። ቁጥሩን ካላገኙት ስምዎን እስከ አያት፣ የተፈረደበትን ወርና ዓመት፣ የከሳሿን ስም ጽፈው መዝገብ ቤት ይጠይቁ። ሰው የሚሰለቸው እዚህ ላይ ነው፦ «ነገ ይምጡ»፣ «ወደ ማኅደር ቤት ሄዷል»፣ «ሲስተም የለም»። ከገጠሙኝ ባለጉዳዮች አብዛኞቹ የተሰናከሉት ችሎት ፊት ሳይሆን መዝገብ ቤቱ መስኮት ላይ ነው። ጥያቄዎን በጽሑፍ አስገብተው ቀን ያለበት ምልክት ያስደርጉበት፤ በቃል የተጠየቀ ነገር ሁልጊዜ እንደ አዲስ ይጀመራል።

ግልባጩ ሲደርስዎ መጨረሻውን ገጽ ብቻ አይመልከቱ። የተፈረደብዎት በየትኛው አንቀጽ ነው? አንቀጽ 665 ተራ ስርቆት ነው፤ 669 ከባድ ስርቆት ነው፤ 675 እምነት ማጉደል ነው። በከባድ ስርቆት የሚጣለው ጽኑ እስራት ነው፤ ስለዚህ «ቀላል» ብለው የሚያስታውሱት በወረቀቱ ላይ «ጽኑ» ሆኖ ከተገኘ የሚጠበቀው ጊዜ አምስት ዓመት ይሆናል። በእርስዎ ሁኔታ እሱም አልፏል፤ ነገር ግን አቤቱታው ላይ የተሳሳተ ነገር ጽፎ መገኘት ለእንዲህ ያለ ጥያቄ ጥሩ መግቢያ አይደለም። ስምዎ በፍርዱ ላይ እንዴት እንደተጻፈም ይመልከቱ። በመታወቂያዎ «ወ/ገብርኤል» የሚለው እዚያ «ገብርኤል» ተብሎ ከሆነ፣ አንድ ሰው መሆንዎን የሚያስረዳ ነገር ከወዲሁ ያዘጋጁ። ስለ ፋይዳ የሚወራውንም አይስሙ፤ ፋይዳ ሲመዘገቡ የሚሞላው ስም፣ የትውልድ ቀን፣ አድራሻና አሻራን የመሰለ መለያ ነው፣ የወንጀል ታሪክ የሚሞላበት ቦታ የለውም።

ከአቤቱታው ጋር የሚያያይዙት የፍርዱን ግልባጭ፣ ከማረሚያ ቤት የተፈቱበትን ወረቀት፣ ካሳ ካለ የተከፈለበትን፣ ከሚኖሩበት ቀበሌ ስለ ነዋሪነትዎና ስለ ጠባይዎ የተጻፈ ደብዳቤ፣ ከክሊኒኩ ደግሞ ምን ያህል ጊዜ እንደሠሩና ምን እምነት እንደተጣለብዎ የሚገልጽ ደብዳቤ ነው። የመጨረሻው ላይ ልቆም። አንዲት በስርቆት የተፈረደባት ሴት የሥራ ክፍሎቹን ቁልፍ ይዛ ማለዳ ከፍታ፣ ማታ ዘግታ ዓመታት ሠርታ ምንም ነገር እንዳልጎደለ አሠሪዋ በማኅተም ከጻፈ፣ ዳኛው ሊያውቀው የሚፈልገው እሱኑ ነው። ባለቤቱ ስለ ፍርዱ የማያውቅ ከሆነ ደብዳቤውን ለምን እንደፈለጉት መንገር ሊኖርብዎ ነው። ይህ ሥራዎን ሊያሳጣዎት ይችላል፤ አደጋውን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። ካልደፈሩ ስለ ፍርዱ ሳያነሱ ተራ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ይጠይቁ፤ ጠባይዎን ደግሞ የዕድር ዳኛ ወይም የሚያውቅዎት ጎረቤት ቀርቦ እንዲመሰክር ያድርጉ። አቤቱታው ላይ ጥፋቱን አይካዱ፣ «ሳላጠፋ ነው የታሰርኩት» ብለው አይጀምሩ። ይህ ይግባኝ አይደለም። ለእኔ በጻፉበት አኳኋን፣ «ወስጃለሁ» ብለው ቢጀምሩ ይሻላል።

ችሎቱ ዐቃቤ ሕግ አስተያየት እንዲሰጥበት ሊያዝ፣ ቀጠሮም ሊሰጥ ይችላል። ጠበቃ ማቆም ግዴታ አይደለም። አቅም ካነሰዎት የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ደግሞ አቅም ለሌላቸው ሰዎች ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ፤ ቢያንስ አቤቱታውን አንብበው እንዲያርሙልዎ ይጠይቁ።

ውሳኔው ሲሰጥ ፍርዱ ከፖሊስ መዝገብ ይሰረዛል፣ ለወደፊቱም እንዳልነበረ ይቆጠራል። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው በተንኮል ተነሳስቶ የድሮውን ፍርድ እያነሳ ቢያዋርድዎ በስም ማጥፋት ሊጠየቅ ይችላል። ይህ በወረቀት ነው። በተግባር ግን የፍርድ ቤት ትእዛዝ በራሱ እግር ፖሊስ ዘንድ አይሄድም። ማኅተም ያረፈበትን ግልባጭ ያውጡ፤ ለፌዴራል ፖሊስ የተጻፈው ትእዛዝ ወጪ ሆኖ መላኩን፣ እዚያም ገቢ መሆኑን ቁጥሩን ይዘው ይከታተሉ። ከዚያ አሻራ ሰጥተው ከወንጀል ነጻ ማስረጃ ይጠይቁ። መሰረዙን የሚያውቁት ያ ወረቀት ንጹሕ ሆኖ ሲወጣ ነው። ይህን ለቅጥር ሲጠየቁ ሳይሆን አስቀድመው ያድርጉት፤ የቅጥር ማስታወቂያ የሚሰጠው ቀን ጥቂት ነው። የውሳኔውን ዋና ግልባጭ ለማንም አይስጡ። ውሳኔው የሚጸናውም ከከባድ ወንጀል እስከራቁ ድረስ ነው፤ ዳግም በጽኑ እስራት መፈረድ መሰየሙን ያስሽረዋል።

የ20 ሺህ ብሩ ሰውዬ የሚያመጣልዎት ከሁለቱ አንዱን ነው። ወይ ገንዘቡን ይዞ ስልኩን ያጠፋል፣ ወይ ደግሞ «ከወንጀል ነጻ» የሚል የተሠራ ወረቀት ያስታቅፍዎታል። ሁለተኛው የባሰ ነው። በሐሰት የተዘጋጀ ሰነድ ማዘጋጀትና እያወቁ መገልገል ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ወረቀቱን የሰጡት ተቋም እውነተኛነቱን ፖሊስ ዘንድ በደብዳቤ ሲጠይቅ የሚያዙት እርስዎ ነዎት፤ እሱ በወረቀቱ ላይ የለም። የድሮውን ስርቆት በመሰየም ማንሳት ይቻላል፤ በሐሰተኛ ሰነድ አዲስ ፍርድ የጨመረች ሴት ግን የነርስነት ነገር እዚያው ያበቃላታል ብዬ ልንገርዎት።

ቅጽ ላይ «ከዚህ በፊት በወንጀል ተፈርዶብዎት ያውቃል?» የሚል ጥያቄ ቢመጣስ? መሰየም ከማግኘትዎ በፊት ከሆነ መልሱ «አዎ» ነው፣ ከአጭር ማብራሪያ ጋር። ከዚያ በኋላ ለአገር ውስጥ ቅጥር «የለም» ቢሉ ሕጉ ከእርስዎ ጋር ነው። ወደ ውጭ የሚያስቡ ከሆነ ግን ሌላ ነው። በአሜሪካ የነርሶች ቦርድ በየግዛቱ ራሱን የቻለ ነው፤ አንዳንዶቹ የተሰረዘ ፍርድ ቢሆንም ይነገረን ብለው በግልጽ ይጽፋሉ። የእንግሊዝ ነርሶች ተቆጣጣሪም የጥፋተኝነት ፍርድን እንዲያሳውቁ ይጠይቃል፣ የፖሊስ ማስረጃም ይፈልጋል። ብዙዎቹ ወንጀሉን፣ ዕድሜን፣ ያለፈውን ጊዜ መዝነው ነው የሚወስኑት፤ መደበቁ ሲደረስበት ግን ከወንጀሉ የበለጠ ያስቆጣቸዋል። ስለዚህ የዛሬ ወረቀቶችዎን ፍርዱ ከተሰረዘ በኋላም አይጣሏቸው፤ አንድ ቀን ማስተርጎም ያስፈልግዎት ይሆናል።

ስለ ኮሌጁ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከወንጀል ታሪክዎ የበለጠ ገንዘብዎን ሊበላ የሚችለው እሱ ነው። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ለዚያ ኮሌጅ፣ በዚያ ካምፓስ፣ ለነርሲንግ ፕሮግራም ፈቃድ መስጠቱን ያረጋግጡ። የኮሌጁ ስም መታወቁ ወይም በሌላ ትምህርት ፈቃድ መያዙ አይበቃም። 12ኛ ክፍል የጨረሱበት ዓመት ውጤት ለዲግሪ የሚያስገባ መሆኑንም ከሬጅስትራሩ በጽሑፍ ይጠይቁ። ያለ መግቢያ ውጤት አራት ዓመት ተምሮ መውጫ ፈተና ላይ የተመለሰ ተማሪ የሚከሰው ሰው አያገኝም። ተምራ ፈተናውን ያላለፈች፣ ፈቃድ ያልያዘች ሴት ደግሞ የክሊኒክ ባለቤት ስለፈቀደላት ብቻ መርፌ ብትወጋ በአንቀጽ 535 ያለ ፈቃድ በሕክምና ሙያ መሥራት ይሆንባታል። አሁን ባሉበት ክሊኒክም «ግሉኮሱን ቀይሪልኝ» ቢሉዎት እምቢ ይበሉ። ሲስተሮቹ በፍቅር ያዝዙዎታል፣ ችግር ሲፈጠር ግን ስምዎ ብቻውን ይቀራል።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። ለሰውየው ምንም አይስጡ። ለኮሌጁም በዚህ ሳምንት አይክፈሉ። መጀመሪያ የፍርዱን ግልባጭ ያውጡ፤ ሙያ የሚከለክል ትእዛዝ እንደሌለው፣ ካሳ እንዳለውና እንደሌለው፣ አንቀጹ ምን እንደሆነ ይዩ። ክልከላ ከሌለበት የመሰየም አቤቱታዎን ያስገቡ፣ የኮሌጁን ፈቃድና የመግቢያ ውጤትዎን ያጣሩ፣ ከዚያ ይመዝገቡ። የፍርድ ቤቱን ውሳኔ እስኪያገኙ ትምህርቱን ማዘግየት አያስፈልግም፤ ዲግሪው አራት ዓመት ይፈጃል፣ አቤቱታው ይህን ያህል አይፈጅም። ክፍያውን ግን በየሴሚስተሩ ያድርጉ እንጂ የዓመቱን በአንድ ጊዜ አያስረክቡ።

ችሎቱ አቤቱታውን ውድቅ ቢያደርግ ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጥዎታል። ብዙ ጊዜ የጎደለው ማስረጃ ነው፦ ያልተከፈለ ካሳ፣ ስለ ጠባይ የቀረበ ነገር ማነስ። የተባለውን አሟልተው ጊዜውን ጠብቀው በድጋሚ ያመለክታሉ። በዚህ መሃል የግል ተቋም መንገድ ክፍት ነው፤ የመንግሥት ሆስፒታል ብቻ አስበው ከሆነ የሚማሩት ግን ሁለተኛው አቤቱታ እስኪወሰን የመጀመሪያውን ዓመት ብቻ ከፍለው ይቆዩ። ለሰውየው ቀብድ ሰጥተው ከሆነም ገንዘቡን ለማስመለስ አብረውት ወደ የትም ቢሮ እንዳይገቡ፣ የመታወቂያዎን ፎቶም በስልክ ልከውለት ከሆነ የላኩበትን መልእክት አያጥፉት።